ባለ ማሰሮ ነፍሳት በል ተክሎች በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ የትኛው ያዋጣል?

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን አካባቢ ትንሽ ግቢ ያላችሁና እነዚያን ነፍሳት የሚይዙ ባለ ማሰሮ ተክሎች ውጪ ለማሳደግ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ፎቶውን አይቶ የማይመኝ የለም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሊገዙ ሲሉ ነው። አንዱ ሻጭ «ሙቀት ስለሚፈልግ አዲስ አበባ አይሆንም» ይላችኋል። ሌላው «ውኃ ብቻ አጠጡት፣ ሌላ ምንም አይፈልግም» ይላል። ሁለቱም ስለ የትኛው ዝርያ እንደሚያወሩ አይነግሯችሁም።

ኔፔንቴስ የሚባለው ወገን ብቻውን ከ170 በላይ ዝርያ አለው። ከማዳጋስካርና ከሲሸልስ ጀምሮ በስሪላንካ፣ በሕንድ፣ በማሌዢያ፣ በኢንዶኔዢያና በፊሊፒንስ አልፎ እስከ ኒው ካሌዶኒያ ይበቅላል። አንዳንዱ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው የሚኖረው፣ አንዳንዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ተራራ ላይ ይገኛል። ስለዚህ «ኔፔንቴስ እዚህ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ «እህል ሱሉልታ ላይ ይበቅላል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ገብስ ከሆነ አዎ፣ ማሽላ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ተክሉን ክረምቱን እያያችሁ አትምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሁሉም ያምራል፤ ዝናቡም ደመናውም እርጥበቱም ሞልቷል። ፈተናው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ በልጉ ከዘገየ እስከ መጋቢት ይሄዳል። ያንን ጊዜ የሚችል ዝርያ ቀሪውን ዓመት በቀላሉ ይወጣዋል።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከተማው ውስጥ ሌሊት ሙቀቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ዳርቻው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውርጭ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ገላንና ዱከም ስትወርዱ 2,000 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ፣ ሌሊቱም ይለዝባል። አንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ይተኛል። ከግድግዳ ተጠግቶ ያለ ተክል ሜዳው መሀል ካለው በሁለትና በሦስት ዲግሪ ሊሻል ይችላል።

ሁለተኛው የበጋ ድርቀት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቅዝቃዜው ይልቅ ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያሸንፈው። የኔፔንቴስ ማሰሮ አበባ አይደለም፣ ከቅጠሉ ጫፍ የሚወጣ ነው። ቅጠሉ ሲዘረጋ ጫፉ ላይ ቀጭን ጅማት ይረዝማል፣ ጅማቱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ፀጉራም እብጠት ትታያለች፣ ማሰሮ የምትሆነው እሷ ናት። አየሩ ደርቆ ሲቆይ ያቺ እብጠት ሳታድግ ቡናማ ሆና ትቀራለች። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ ተክሉም አልሞተም። ባለቤቱ «በደንብ እያደገ ለምንድን ነው ማሰሮ የማያወጣው?» ብሎ ሲጨነቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ጫፍ ላይ ነው። እኛ ጋ በበጋ ከቀትር በኋላ የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። ብዙዎቹ ኔፔንቴሶች ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ነው የሚደላቸው። ስለዚህ ከተክሉ በፊት ርካሽ የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ግዙ። ተክሉን የምታስቀምጡበት ቦታ ላይ ስቀሉትና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንብቡት።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይከብዳል። የጠዋት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ኔፔንቴስ ጥላ ይፈልጋል። ቅጠሉ ቀላ ካለ አትደንግጡ፣ ብርሃን ጠግቧል ማለት ነው። ቡናማና ደረቅ ነጠብጣብ ካወጣ ግን ተቃጥሏል።

አራተኛው ውኃ ነው። እነዚህ ተክሎች ማዕድን የበዛበት ውኃ ይጎዳቸዋል። በተፈጥሮ የሚያድጉት ንጥረ ነገር በሌለበት መሬት ላይ ነው፣ ነፍሳት የሚይዙትም ናይትሮጅን ፍለጋ ነው። የክረምት ዝናብ ከሁሉም ይበልጣል፣ ሮቶ ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ችግር ተፈታ። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን ከቆርቆሮው ላይ አቧራና ዝገት ስለሚያወርድ ድፉት። የቧንቧ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ ስለሆነ በአብዛኛው ማዕድኑ ቀለል ያለ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውኃ ግን ጠጣር ነው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራባችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ትንሽ የቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን የሚለካ መሣሪያ፣ ይህን በሰከንድ ይነግራችኋል። መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ከ50 ፒፒኤም በታች ከሆነ ያለ ሐሳብ አጠጡ። እስከ 100 ድረስ ኔፔንቴስ ይታገሣል፣ ሳራሴኒያ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ባለ ማሰሮ ተክል ግን ያን ያህል ታጋሽ አይደለም።

አምስተኛው ዋጋና ወረቀት ነው። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የደጋማው ቀላል ቡድን፦ ቬንትራታና ቬንትሪኮሳ

ቬንትሪኮሳ ከፊሊፒንስ ተራሮች ነው፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ቬንትራታ ደግሞ የቬንትሪኮሳና አላታ የሚባል ሌላ ኔፔንቴስ ዲቃላ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት ኔፔንቴሶች አንዱ ይሄ ዲቃላ ሲሆን ብዙ ጊዜ «አላታ» ተብሎ በስህተት ይሸጣል። ቀን ከ20 እስከ 28፣ ሌሊት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል። ለጥቂት ሌሊቶች ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድም ይችላል፣ እድገቱን ገታ አድርጎ ይጠብቃል። የእኛን የቀን ሙቀት ካያችሁት ልክ የሚመቸው ክልል ውስጥ ነው።

ድርቀትንም ከብዙዎቹ ይበልጥ ይችላል። በታኅሣሥ አዲስ ማሰሮ ማውጣት ሊያቆም ይችላል፣ ያሉት ግን ይቆያሉ፣ በልግ ሲዘንብ እንደገና ይጀምራል። ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ከቁራጭ መብቀሉ ነው። ግንዱ ሲረዝም ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ወስዳችሁ እርጥብ ስፋግነም (ውኃ የሚይዝ የረግረግ ሞስ) ውስጥ ብትተክሉት በወራት ውስጥ ሥር ይሰዳል። አንድ ሰው ገዝቶ ለጎረቤትና ለጓደኛ ማካፈል ይቻላል። እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ቡድን ያልጀመረ ሰው ገንዘቡን ለአደጋ እያጋለጠ ነው።

መካከለኛው ቡድን፦ ሳንጉዊኒያ፣ ማክሲማ፣ ካሲያና

ሳንጉዊኒያ ከማሌዢያ ልሳነ ምድር ነው፣ ከ300 እስከ 1,800 ሜትር። ማሰሮው ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል፣ እድገቱ ረጋ ያለ ነው፣ ለሰበታና ለቡራዩ ዓይነት አየር ጥሩ ነው። ማክሲማ ከሱላዌሲና ከኒው ጊኒ ሲሆን ክልሉ በጣም ሰፊ ነው፤ ከባሕር ወለል ብዙም ካልራቀ ቦታ እስከ 2,600 ሜትር ድረስ ይገኛል። ስለዚህ ማክሲማ ስትገዙ «የደጋው ነው የቆላው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ አትግዙ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ሁለት ነው።

ካሲያና ላይ ትንሽ ልቆይ። ሕንድ ውስጥ የሚገኘው ብቸኛው ኔፔንቴስ ነው፣ የሚበቅለውም በሜጋላያ ኮረብታዎች ላይ ነው። ያ አካባቢ በክረምት ዝናብ በዓለም ከሚታወቁት አንዱ ነው፣ ከኅዳር በኋላ ግን ለወራት ይደርቃል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ይሄ ዓይነት ዓመት ለእኛ እንግዳ አይደለም! ከአብዛኞቹ የደሴት ዝርያዎች በተለየ ካሲያና ደረቅ ወቅትን በተፈጥሮው ያውቃል። ማሰሮው እንደ ሌሎቹ ያሸበረቀ አይደለም፣ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ግን ተክሉ ጠንካራ ነው፣ ትልቅም ይሆናል። ችግሩ ወረቀቱ ነው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይቴስ ስምምነት አባሪ አንድ፣ ማለትም ቁጥጥሩ በሚጠብቅበት ዝርዝር ውስጥ ስላለ ከውጭ ማስመጣቱ ከሌሎቹ ይከብዳል።

የቆላው ቡድን፦ ራፍሌሲያና፣ አምፑላሪያ፣ ቢካልካራታ

ቆንጆዎች ናቸው። ውጪ ግን አይሆኑም። ሌሊት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም፣ እኛ ጋ ደግሞ በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሌሊት የለም ማለት ይቻላል። ክረምት ላይ ገዝታችሁ «እኔ ጋ ደህና ነው» ትሉ ይሆናል፣ ኅዳር ላይ ይቆማል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ይመነምናል። ቤት ውስጥ በማሞቂያና በመብራት ካልሆነ አትሞክሩት።

የከፍተኛ ተራራዎቹ፦ ራጃ፣ ሎዊ፣ ቪሎሳ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ራጃ ከቦርኒዮ ነው፣ በኪናባሉና በታምቡዩኮን ተራሮች ላይ ብቻ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ይበቅላል። ማሰሮው ከ3 ሊትር በላይ ውኃ መያዝ ይችላል። ቪሎሳ ከዚያም በላይ እስከ 3,240 ሜትር ይወጣል። ከፍታውን ያየ ሰው «እንጦጦ ግርጌ ላለ ግቢ የተሠራ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የሙቀቱ ነገርማ ልክ ነው፣ ቀዝቃዛ ሌሊትና ለስላሳ ቀን አለን። የጎደለው እርጥበቱ ነው። ኪናባሉ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ደመናውም በየቀኑ ይመጣል። እኛ ጋ ግን የጥር ሰማይ ደመና የለውም።

ስለዚህ ራጃን በዚህ ለማኖር የተዘጋ የላስቲክ ቤትና በበጋ ቀኑን ሙሉ ጭጋግ የሚረጭ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ መጠባበቂያ መኖር አለበት። እድገቱ እጅግ ዝግተኛ ነው፣ ዋጋውም ከፍተኛ ነው፣ እንደ ካሲያና ሁሉ አባሪ አንድ ውስጥ ነው። ሁለት በጋ ቬንትራታን በደንብ ያሳለፈ ሰው ቢያስብበት ይገባዋል። ለጀማሪ ግን አይሆንም።

ሳራሴኒያ

ይሄ ከኔፔንቴስ ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን ሰው አብሮ ያያቸዋል። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ማሰሮው ከመሬት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሙሉ ፀሐይ ይወዳል፣ ሳህን ውኃ ውስጥ ቆሞ ማደግ ይችላል። የበጋ ድርቀት ብዙም አያስጨንቀውም፣ እግሩ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ። ውርጭንም ይችላል። እስካሁን ካነበባችሁት ጋር ስታስተያዩት ለዳርቻችን ተስማሚ ይመስላል።

ግን ዕረፍት ይፈልጋል። በአገሩ በየዓመቱ ሦስትና አራት ወር በብርድና በቀን ማጠር ይተኛል። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም፣ የታኅሣሥ ቀትርም ሞቃት ነው። ዕረፍት ያላገኘ ሳራሴኒያ አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ሆኖ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። ሱሉልታና ከዚያ በላይ ያላችሁ ሰዎች ሌሊቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የተሻለ ዕድል አላችሁ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑን ጥላ ውስጥ አስቀምጡትና ውኃውን ቀንሱ። ገላንና አቃቂ ላላችሁ አልመክርም። መሞከራችሁ ካልቀረ ከሰሜኖቹ ይልቅ የአሜሪካ ደቡብ ጠረፍ ዝርያዎችን፣ ለምሳሌ ሌውኮፊላን ምረጡ።

ማሰሮ ባይሆንም በጣም አነስተኛ ገንዘብ ላለው ድሮሴራ ካፔንሲስን መጥቀስ አለብኝ። ከደቡብ አፍሪካ ነው፣ በሚያጣብቅ ቅጠሉ ዝንብ ይይዛል፣ በራሱ የአበባ ብናኝ ብዙ ዘር ይሰጣል። ከዘር ማብቀል ይቻላል።

በአንድ ላይ ሲታይ

| ተክል | የኅዳር ሌሊት | የበጋ ድርቀት | ፀሐይ | ወጪ | ለጀማሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቬንትራታ፣ ቬንትሪኮሳ | ይችላል | በመጠኑ ይችላል | የጠዋት ብቻ | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ |
| ሳንጉዊኒያ፣ የደጋ ማክሲማ | ከግድግዳ አጠገብ ይችላል | እርዳታ ይፈልጋል | የጠዋት ብቻ | መካከለኛ | ጥሩ |
| ካሲያና | ይችላል | ከሌሎቹ ይሻላል | የጠዋት፣ ትንሽ ጨምሮ | ወረቀቱ ይከብዳል | ጥሩ፣ ከተገኘ |
| ራፍሌሲያና፣ አምፑላሪያ፣ ቢካልካራታ | አይችልም | አይችልም | ጥላ | መካከለኛ | አይሆንም |
| ራጃ፣ ሎዊ፣ ቪሎሳ | ይችላል | ፈጽሞ አይችልም | የተጣራ ብርሃን | በጣም ከፍተኛ | አይሆንም |
| ሳራሴኒያ | ይችላል፣ ያስፈልገዋልም | ውኃ ውስጥ ከቆመ ይችላል | ሙሉ ቀን | መካከለኛ | ለሱሉልታ ብቻ |
| ድሮሴራ ካፔንሲስ | ይችላል | ውኃ ውስጥ ከቆመ ይችላል | ሙሉ ወይም ግማሽ | በጣም ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ |

የት እናስቀምጠው?

እዚህ ሦስት ምርጫ አለ። በረንዳ ላይ ማንጠልጠል ምንም ወጪ የለውም፣ ግድግዳው ማታ ሙቀት ይሰጣል፣ ቆርቆሮው ከክረምት በረዶ ይከላከላል። የእኛ የክረምት በረዶ ቅጠል ይበሳል፣ ማሰሮ ይሰብራል፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ ባዶውን አትተዉት። የበረንዳው ድክመት ነፋሱ ነው፣ በጋ ላይ እርጥበቱን ጠርጎ ይወስደዋል።

ሁለተኛው የጥላ መረብ ነው። ከ30 እስከ 50 በመቶ ፀሐይ የሚቀንሰውን በአራት አጠና ላይ ወጥሩት። በረዶውን ያለዝባል፣ የቀትሩን ፀሐይ ይሰብራል፣ ዝናቡንም ያሳልፋል። ከመረቡ ሥር ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሌላ በየጊዜው የሚጠጣ አትክልት ካለ አየሩ በራሱ ይረጥባል። ለቬንትራታና ለሳንጉዊኒያ ከዚህ የተሻለ የወጪና የጥቅም ሚዛን የለም።

ሦስተኛው የላስቲክ ቤት ነው፣ የአበባ እርሻዎቹ ዓይነት፣ በትንሹ። እርጥበት ይይዛል፣ ሌሊት ያሞቃል። ግን ቀን ላይ በፍጥነት ይግላል፣ ካልተከፈተ በበጋ ቀትር ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ያ ደግሞ ለደጋ ዝርያ ከቅዝቃዜው የባሰ ነው። ጠዋት ከፍቶ ማታ የሚዘጋ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ይቅርባችሁ።

አፈሩ ላይ ደግሞ ላስጠንቅቃችሁ። ችግኝ ጣቢያ ያለው ሰው በቅን ልቦና ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ይሰጣችኋል። ለጽጌረዳ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ተክል ግን መርዝ ነው፤ ሥሩ ይቃጠላል። እኛ ጋ ያለው ትልቁ ዕድል ለብሎኬት የሚውለው ፑሚስና ቀይ አሽ ነው። ፍርክስክሱን በወንፊት አጣርታችሁ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ግማሹን እሱን፣ ግማሹን ስፋግነም ወይም በደንብ የታጠበ ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ልጥ) አድርጉ። ኮኮፒት ጨው ስላለው ሳይታጠብ አይገባም። ስትተክሉ ሥሩን አትበትኑት፣ ጥቁርና ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይበጠሳል። ማዳበሪያ አፈሩ ላይ ፈጽሞ አይጨመርም። ዝንቡንና ጉንዳኑን ራሱ ይይዘዋል፣ በዚህ በኩል ዳርቻችን አያሳፍርም።

እንግዲህ ማን ምን ይውሰድ?

ገንዘብ ጥቂት ከሆነና ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ ድሮሴራ ከዘር፣ ወይም ካለው ሰው የቬንትራታ ቁራጭ። በረንዳ ብቻ ያለው የኪራይ ቤት ነዋሪ፣ ቬንትራታ በተንጠልጣይ ማሰሪያ፤ ሲለቅም ይዞት ይሄዳል። ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ ግቢ ያለውና መረብ መወጠር የሚችል ቬንትራታን አስቀድሞ፣ ከአንድ በጋ በኋላ ሳንጉዊኒያ ይጨምር። ሱሉልታ ላይ ያለ ሰው ቬንትራታውን ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ወደ በረንዳ ያስገባ፣ ሜዳውን ለሳራሴኒያ ይተው። ገላንና ዱከም ሌሊቱ ስለሚለዝብ ለደጋ ማክሲማ ይመቻል፣ ውኃውን ግን በመለኪያ እየፈተሻችሁ፣ የዝናብ ውኃ በሮቶ እያጠራቀማችሁ።

ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ሁሉም ኔፔንቴስና ሳራሴኒያ በሳይቴስ ቁጥጥር ሥር መሆናቸውን ይወቅ። ኢትዮጵያ ከ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ከላኪው አገር የሳይቴስ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ይወጣል። ወረቀት የሌለው ተክል ርካሽ ቢሆንም ተዉት፤ ከጫካ የተነቀለ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ እነዚህን ዝርያዎች በአገራቸው እያጠፋቸው ያለ ነገር ነው። በቤተ ሙከራ የተባዛውን ጠይቁ።

የመግዣው ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ነው። ተክሉ ክረምቱን ሙሉ ሥር ሰዶ ጥቅምትን ተዘጋጅቶ ይገናኘዋል። መስከረም ላይ የተገዛ ግን ሳይለምድ ድርቀቱ ይደርስበታል። ስትገዙ ትልልቆቹን ማሰሮዎች አትዩ፣ እነሱ ያደጉት በሌላ ቤት ነው፣ በመንገድም በአየር ለውጥም መድረቃቸው አይቀርም። መሀሉን፣ አዲሱ ቅጠል የሚወጣበትን ቦታ እዩ። እሱ አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ፣ ጫፉ ላይም ያቺ ትንሽ እብጠት እርጥብ ሆና ከታየች፣ ውሰዱት። ቤት ስታደርሱት የማሰሮዎቹ ፈሳሽ በመንገድ ተደፍቶ ከሆነ እስከ ሲሶው ድረስ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ሙሉበት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥላ ውስጥ አቆዩት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ጠዋቱ ፀሐይ አውጡት።